በድሬዳዋ ቤት የውጭ ሙቀትና እርጥበት መለኪያ አተካከል

ድሬዳዋ ውስጥ ገመድ አልባ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ ግቢ ውስጥ መስቀል ቀላል ነው፤ የሚከብደው መለኪያው የአየሩን ሙቀት ትቶ የግድግዳውን፣ የቆርቆሮውንና የፀሐዩን ትኩሳት እንዳይለካ ማድረግ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው ከእኛ በእጅጉ ወደ ሰሜን ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች ስለሆነ፣ በዚህ ረገድ የሚሰጠው ምክር እኛ ዘንድ ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ያሳስታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ሌላው ሁሉ ባጭሩ፣ ስለ ቦታ አመራረጥ ግን ሰፋ አድርጌ እገልጻለሁ።

ሥራው የሚጀመረው ጠረጴዛ ላይ ነው። ውጭ የሚሰቀለውን ሴንሰርና ቤት ውስጥ የሚቀመጠውን ባለ ስክሪን ማሳያ ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር አራርቀው ያስቀምጡና፣ መመሪያው ሌላ ቅደም ተከተል ካላዘዘ በቀር፣ ባትሪ ድንጋዩን መጀመሪያ ለሴንሰሩ፣ ቀጥሎ ለማሳያው ያስገቡ። ማሳያው ለጥቂት ደቂቃዎች ሲግናል ስለሚፈልግ እስኪያገኝ ድረስ ቁልፎቹን አይነካኩ። በሴንሰሩ የባትሪ ክፍል ውስጥ 1፣ 2፣ 3 የሚል የቻናል መምረጫ ካለ፣ ማሳያውም በዚያው ቁጥር ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በ433 ሜጋኸርዝ ሞገድ በመሆኑ፣ ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር የጎረቤት ሴንሰር ቁጥር በእርስዎ ማሳያ ላይ ሊወጣ ይችላል። ይህን ለመለየት ሴንሰሩን በመዳፍዎ ጨብጠው ጥቂት ይቆዩ፤ በአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹም ላይ ይተንፍሱ። ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሙቀቱም እርጥበቱም ከፍ ካለ፣ የሚያዩት ቁጥር የእርስዎ ነው።

ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ ውጭ ለሚውለው ሴንሰር የሚሻለው ሊትየም የተባለው ነው፤ ተራው አልካላይን በሙቀት ቶሎ ይደክማል፣ አንዳንዴም አፈትልኮ የውስጡን ብረት ይበላል። በቻርጅ የሚሞላው ዓይነት ደግሞ ኃይሉ በ1.5 ፈንታ 1.2 ቮልት ስለሆነ፣ መመሪያው ካልፈቀደ በስተቀር አይጠቀሙበት።

ከመስቀልዎ በፊት የእርጥበት ንባቡን መፈተሽ ይገባል፤ ለዚህም የማድ ቤት ጨው ይበቃል። በአንድ የጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው ሞልተው፣ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ድረስ ብቻ ጥቂት ጠብታ ውኃ ያድርጉበት። ክዳኑንና ሴንሰሩን ሳይነካኩ ጎን ለጎን በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያስገቡና፣ ሙቀቱ ብዙ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ 12 ሰዓት ያህል ያቆዩዋቸው። በጨው የጠገበ ውኃ በዙሪያው ያለውን የታሸገ አየር በ75 በመቶ እርጥበት ላይ ያቆመዋል። ሴንሰርዎ 71 ካሳየ በንባቡ ላይ 4 መደመር እንዳለበት ያውቃሉ። አምራቾች ራሳቸው 5 በመቶ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስሕተት ሊኖር እንደሚችል ስለሚገልጹ፣ እንዲህ ያለ ልዩነት ዕቃው ብልሹ ነው አያሰኝም።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። የመመሪያዎቹ የተለመደ ምክር «ሴንሰሩን በሰሜን ግድግዳ ላይ ይስቀሉ» የሚል ነው፤ በአውሮፓ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ ስለምታበራ ሰሜኑ ግድግዳ ጥላ ነው። ድሬዳዋ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ9 ዲግሪ ተኩል ጥቂት አለፍ ብላ ትገኛለች። ስለሆነም ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ማብቂያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ ገደማ፣ ማለትም ለአራት ወር ተኩል ያህል፣ የቀትር ፀሐይ የምታበራው በሰሜን በኩል ነው። ግንቦትና ሰኔ፣ ከተማዋ በጣም የምትሞቅባቸው ወራት፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይወድቃሉ። ከመጋቢት እስከ መስከረም ደግሞ ፀሐይ የምትወጣውም የምትገባውም ወደ ሰሜን አጋድላ ስለሆነ፣ የጠዋቱና የአመሻሹ ጮራ አግድም መጥቶ ያንኑ ሰሜናዊ ግድግዳ ይመታዋል። የጣሪያው ክፈፍ ከቀትሩ ፀሐይ ይከላከላል፤ ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል በምታዘነብልበት በሰኔ አጋማሽ እንኳ፣ ግማሽ ሜትር የወጣ ክፈፍ ሁለት ሜትር ያህል ግድግዳ ያጠላል። የጠዋቱንና የማታውን ፀሐይ ግን አያቆመውም።

ከዚህ የሚከተለው፣ በእኛ ከተማ አንድን ግድግዳ አምኖ መስቀል እንደማያዋጣና ሴንሰሩ የራሱ መከለያ ሊኖረው እንደሚገባ ነው። መከለያው አየር በነፃ የሚያልፍበት፣ ፀሐይና ዝናብ ግን የማይገባበት መሆን አለበት፤ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ቴርሞሜትራቸውን የሚያኖሩበት ነጭ ባለ ፍርግርግ ሣጥን የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ካላገኙ፣ ሰባት ወይም ስምንት ነጭ የፕላስቲክ ሰሃኖችን ደፍተው በመደርደር ሊሠሩት ይችላሉ። ከላይ ያሉትን ሁለቱን እንዳሉ ይተዉና የቀሩትን ሴንሰሩ በሚገባበት መጠን መሐላቸውን ይቁረጡ፤ በሦስት ረጃጅም ቡሎኖች እያያዙ፣ በየመካከላቸው ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ እየጨመሩ፣ ከታች በዳዶ ያጥብቁ። ሴንሰሩ ከላይኛው ሰሃን በሽቦ ተንጠልጥሎ ጎኖቹን ሳይነካ መሐል ይቆማል። ዝናብ ፈርቶ ሴንሰሩን በፌስታል መጠቅለል ፈጽሞ አይገባም፤ ያኔ የሚለካው በፌስታሉ ውስጥ የታፈነውን አየር ብቻ ነው።

ከፍታውን በተመለከተ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የሚመክረው ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ነው። ከሁሉ የተሻለው ቦታ በግቢው ክፍት በኩል፣ በተቻለ መጠን አፈር ወይም ሣር ባለበት፣ ለብቻው የቆመ ምሰሶ ነው፤ የኒም ዛፍ ጥላ ካለ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ግቢዎ ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ከሆነና ከበረንዳ ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ መከለያውን ከግድግዳው በብረት ክንድ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቀው፣ ከቆርቆሮው ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ይትከሉት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ምዕራብ የሚያየውን ግድግዳ በእጅዎ ቢነኩት፣ ፀሐይ ከገባች ሁለት ሰዓት ገደማ ቢሆናትም ድንጋዩ ገና ሙቀት ሲተፋ ያገኙታል፤ በዚያ ላይ የተለጠፈ ሴንሰር አየሩ የቀዘቀዘበትን ሰዓት አይነግርዎትም። ከኤሲ የውጭ ሞተር፣ ከምጣድ ቤት ጭስ መውጫ፣ ከሚያንጠባጥብ ሮቶና ከልብስ ማስጫ ገመድም ያርቁት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሙቀቱን፣ የኋለኞቹ እርጥበቱን ያዛባሉ።

ቦታውን ሲመርጡ ግድግዳውን ወዲያው አይብሱት። መከለያውን ለአንድ ቀንና ሌሊት በገመድ አንጠልጥለው ሲግናሉ እንደማይቋረጥ ይመልከቱ። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 100 ሜትር ያህል ርቀት የሚሠራው ምንም በማይከልለው ሜዳ ላይ ነው፤ እንደ ከዚራ ባሉ የከተማዋ የቆዩ ሰፈሮች የሚገኙ ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን በእጅጉ ያዳክመዋል፣ የብረት በርና ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሱታል። ማሳያውን ሴንሰሩን በሚያየው መስኮት አጠገብ፣ ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ችግሩን ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

የማሳያውን ሰዓት አሞላል ቀላል ነገር አድርገው እንዳያልፉት። ለአውሮፓ የተሠሩት ዕቃዎች ሰዓታቸውን ከጀርመን ከሚተላለፍ የሬዲዮ ምልክት ለመቀበል ይሞክራሉ፤ ምልክቱ እስከ ድሬዳዋ ስለማይደርስ ያን ክፍል አጥፍተው በእጅ ይሙሉት። ሲሞሉትም በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን እኩለ ሌሊትን ዜሮ በሚለው ይሁን። ማሳያው የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት መዝግቦ በራሱ ዜሮ ሰዓት ላይ የሚያድስ ከሆነና በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ፣ የሚያድሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘገበው ደግሞ በዚያው በንጋት ሰዓት ስለሆነ፣ አንዱ ሌሊት ለሁለት ቀን ይቆጠራል።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ጠዋት 70 በመቶ የነበረው እርጥበት ከሰዓት በኋላ 35 ሲሆን ቢያዩ አይደንግጡ። ሞቃት አየር ብዙ ተን መያዝ ስለሚችል፣ ከአየሩ አንዲት ጠብታ ሳትጠፋ ሙቀቱ ከ22 ወደ 34 ዲግሪ ሲወጣ አንጻራዊው እርጥበት (አየሩ መያዝ ከሚችለው ተን ውስጥ በመቶ ስንቱን እንደያዘ የሚያሳየው ቁጥር) በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሰዓት በረንዳ ላይ ውኃ መርጨት በእርግጥ ያቀዘቅዛል፤ ንባቡ ከ70 በላይ በሆነበት የክረምት ምሽት ግን ብዙ አይረዳም፣ ቬንትሌተር ይሻላል። ለኔ የዕቃው ትልቁ ጥቅም የሚታየው ማታ ነው፤ የውጭው ቁጥር ከቤቱ ቁጥር በታች የወረደበት ደቂቃ መስኮት የሚከፈትበት ደቂቃ ነው።

የከተማዋ አቧራ በሰሃኖቹ መካከልና በሴንሰሩ ቀዳዳዎች ላይ ስለሚከማች በየወሩ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት፤ ሰሃኖቹ ከጠቆሩ ፀሐይን መመለሳቸው ስለሚቀንስ ሴንሰሩን አውጥተው በሳሙና ይጠቡዋቸው፣ ሲሰነጣጠቁም ይለውጡዋቸው።