ፀረ ተባይ ፈንገስ ስታባዙ ሙቀቱ ከተዛባ፦ ችግርና መፍትሄ

በ2013 መግቢያ ላይ አንበጣው የወሎን ማሽላ እንዴት እንዳደረገው አንረሳም። አንበጣን የሚገድለው ሜታራይዚየም አክሪደም ሩዝ ላይ የሚባዛ ፈንገስ ነው። እዚሁ በደንብ መባዛቱን ከልቤ እመኛለሁ።

ፈንገሱ ሲያድግ ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ ሩዙን የያዘውን ከረጢት ሳትከፍቱ፣ መሃሉ ላይ በገባ ቴርሞሜትር ሁኔታውን ማወቅ ትችላላችሁ። አንዱን ቁጥር ብቻ ግን አትመኑ። የደሴ ቀንና ሌሊት በጣም ይለያያል፤ ከረጢቱም አብሮ ይሞቃል፣ ይበርዳል። የፈንገስ ዘር (ማባዣ) ያልገባበት፣ ሩዙና እርጥበቱ እኩል የሆነ ሌላ ከረጢት አጠገቡ አስቀምጡ። የፈንገሱ ሙቀት የሁለቱ ልዩነት ነው።

ሁለት ቀን አልፎ ልዩነት ከሌለ

ወይ ዘሩ ሞቷል፣ ወይ ክፍሉ በርዷል። ተቀቅሎ የመጣው ሩዝ ሳይቀዘቅዝ ዘር ከተጨመረበትም ዘሩ ይሞታል። ክፍሉን ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ያዙት። ደሴ ላይ ሌሊቱን ያለ ማሞቂያ አይሆንም፤ ኮምቦልቻ ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀን ፈጥኖ ከሞቀ፣ ከሸተተና ካሟለጨ

ባክቴሪያ ገብቷል። ከፈንገስ በጣም ይፈጥናል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ማምከኑ ላይ፣ ማለትም ዘር ከመጨመሩ በፊት በሩዙ ላይ ያሉትን ጀርሞች በሙቀት መግደሉ ላይ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የድስት እንፋሎት ሙቀት የሚቋቋመውን የባክቴሪያ ስፖር አይገድልም። አውቶክሌቭም (በግፊት እንፋሎት የሚያመክን ማሽን) ያሳስታል፦ ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲያሳይ ባህር ጠለል ላይ ውስጡ 121 ዲግሪ ነው፤ ደሴ ላይ ግን ወደ 116 ነው። ጌጁን ትታችሁ ዲግሪውን ተከተሉ። ማሽኑ የሚፈቅደው ግፊት 121 ካላደረሰ፣ ግፊቱን አታስገድዱ፤ የማምከኛውን ሰዓት አርዝሙ። የተበላሸውን ከረጢት ለማዳን አትልፉ። ሳትከፍቱ አምክናችሁ ጣሉት።

መሃሉ ከ32 ዲግሪ ካለፈ

ከረጢቱ ውስጥ ያለው የሩዝ ንጣፍ ወፍሯል ወይም ከረጢቶቹ ተደራርበዋል። ሩዝ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፤ ዳሩ ቀዝቅዞ መሃሉ ይግላል። ሩዙን በስሱ ዘርግታችሁ ከረጢቶቹን አስተኟቸው፣ አራርቋቸው፣ ነፋስ ይምታቸው።

ሙቀቱ ወጥቶ ድንገት ከወደቀ

አየር አጥሮታል ወይም ደርቋል። የከረጢቱን አፍ የዘጋውን የጥጥ ውታፍ እዩ፤ እርጥብ ከሆነ ንጹህ ቦታ ላይ ቀይሩት። የተያያዘውን ሩዝ ከውጭ አሽታችሁ አላቁት።

ቀስ ብሎ ከወረደና ሩዙ አረንጓዴ ዱቄት ከለበሰ ግን ጤነኛ ነው። ስፖር (የመራቢያ ዱቄቱን) እያፈራ ስለሆነ ማድረቂያውን አዘጋጁ።