ዋልካው ጓሮዬ ውኃ ማቆሩን ያቆመው እንዲህ ነው

አቃቂ ያለው ጓሮዬ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውኃ ያቁርና የጎመኑ ሥር ይበሰብሳል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። መጀመሪያ አሸዋ ጨመርኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ነገሩ ያለው ሸክላው፣ ማለትም በጣም ደቃቁ የአፈሩ ክፍል ውስጥ ነው። ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውኃ በማይወርድበት ሜዳ ላይ ሲፈራርስ ስሜክታይት የሚባል ማዕድን ይፈጠራል። ስስ ንጣፎቹ መሃል ውኃ ሲገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ያው ባዛልት ውኃ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ግን ቀይ አፈር ይሆናል፤ ሸክላው በአብዛኛው ካኦሊናይት የሚባል ሌላ ማዕድን ስለሆነ ብዙም አያብጥም። ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

ስለዚህ አፈሩን ትቼ ለውኃው መንገድ ሰጠሁት። 80 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ከፍ ያሉ መደቦች ሠራሁ፤ በየመሃሉ ወደ ታች ያዘነበለ የ40 ሳንቲሜትር ቦይ ቀደድኩ። ኮምፖስትም ጨመርኩ። ዘንድሮ ሐምሌን ሙሉ ዘነበ፤ ጎመኑ ግን ደህና ነው።