ልጅዎ የሚፈተነው የትኛውን ሒሳብ ነው? እንግሊዝ አገር ለሚያሳድጉ ወላጆች

አገር ቤት 1ኛ መውጣት ያስጨፍራል። እንግሊዝ አገር ግን ልጆች በ16 ዓመታቸው ገደማ የሚወስዱት የጂሲኤስኢ ፈተና ውጤት የሚሰጠው ከ9 እስከ 1 ነው፤ ትልቁ 9፣ ትንሹ 1። 4 ማለፊያ ነው። 5 ደግሞ ጠንካራ ማለፊያ ይባላል። ስለዚህ ልጅዎ «ሒሳብ 1 አገኘሁ» ካለ እልል ለማለት አይቸኩሉ።

ይህን ከያዙ በኋላ ትምህርት ቤቱን «ልጄ የሚፈተነው የትኛውን ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ሒሳብ ነዋ» የሚል መልስ አይበቃም። የፈተናውን ሙሉ ስምና ደረጃ በኢሜይል ይላኩልኝ ይበሉ።

መልሱ ጂሲኤስኢ ከሆነ ፋውንዴሽን (ቀለል ያለው) ነው ወይስ ሀየር (ከፍ ያለው) ብለው ይቀጥሉ። ይህች ጥያቄ ብዙ ወላጅ ታመልጠዋለች። ፋውንዴሽን የሚፈተን ልጅ አንድም ሳይስት ቢመልስ እንኳ ከ5 በላይ አያገኝም። ሀየር እስከ 9 ያደርሳል፤ ግን ከበድ ይላል፣ በጣም ዝቅ ያለ ነጥብ ያመጣ ልጅም ምንም ውጤት ሳይሰጠው ሊቀር ይችላል። ከጂሲኤስኢ በኋላ የሚመጣውን ኤ ሌቭል ሒሳብ ለመማር ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ 6 ወይም 7 ይጠይቃሉ። ኢንጂነር መሆን የሚመኝ ልጅ ፋውንዴሽን ከገባ መንገዱ እዚያው ይጠብበታል ማለት ነው። ቀድመው፣ ኢየር 10 ላይ (ከፈተናው ዓመት በፊት ባለው ክፍል) ይጠይቁ፤ የሙከራ ፈተናውንም ውጤት ይዩ።

መልሱ ፋንክሽናል ስኪልስ ከሆነ አይደንግጡ። የሰነፍ ፈተና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጥያቄዎቹ የዕለት ኑሮ ናቸው፦ ቅናሽ ማስላት፣ የክፍል ስፋት መለካት፣ ግራፍ ማንበብ። ከኢንትሪ 1 እስከ ኢንትሪ 3፣ ከዚያ ሌቭል 1 እና ሌቭል 2 አለው። ውጤቱ ማለፍ ወይም መውደቅ ብቻ ነው። ሌቭል 2 በደረጃ ከጂሲኤስኢ 4 ጋር ይስተካከላል፤ ሌቭል 1 ግን ከ1 እስከ 3 ካለው ጋር ነው። «አልፏል» ሲባሉ የትኛውን ሌቭል ብለው ይጠይቁ።

ደረጃው ተስተካከለ ማለት ግን ሁሉም ቦታ ይቀበሉታል ማለት አይደለም። ብዙ ኮሌጅና አሠሪ ይቀበላል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጂሲኤስኢ ካልሆነ አሻፈረኝ ይላል። ስለዚህ ከመጨረሻው ይጀምሩ። ልጁ ነርስ መሆን ከፈለገ ነርሲንግ የሚያስተምሩ ሁለት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችን መርጠው የመግቢያ መስፈርታቸውን ያንብቡ። ግልጽ ካልሆነ ኢሜይል ይጻፉ፣ መልሱንም ያስቀምጡ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ ልጁ አብሮ ይጻፍ፤ የራሱ ጉዳይ ነው።

በ16 ዓመቱ 4 ያላገኘ ልጅ ሒሳብ አያበቃለትም። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ 3 ካገኘ ጂሲኤስኢውን ደግሞ መማር ግዴታው ነው፤ 2 ወይም ከዚያ በታች ካገኘ ፋንክሽናል ስኪልስ ሌቭል 2ን መምረጥ ይችላል። ዳግም ፈተናው በኖቬምበርም በሜይና ጁንም አለ።

4 አልፎ ኤ ሌቭል ሒሳብ ለማይወስድ ልጅ ደግሞ ኮር ማትስ የሚባል አለ። ስታትስቲክስ፣ ብድርና ወለድ የመሳሰሉትን ያስተምራል። በዚህ ትልቁን ውጤት፣ ኤ፣ ያመጣ 20 የዩካስ (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ) ነጥብ ያገኛል። ሳይኮሎጂ ወይም ቢዝነስ ለሚያስብ ልጅ ሸጋ ነው፤ ሁሉም ትምህርት ቤት ስለማያስተምረው ግን ቀድመው ያጣሩ።

በግል ኮርስ የሚሸጥልዎ ሰው «ከጂሲኤስኢ እኩል ነው» ካለዎት የፈተናውን መለያ ቁጥር ይጠይቁት። ቁጥሩን ኦፍኳል የተባለው የፈተና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ባስቀመጠው መዝገብ ላይ ይፈልጉት፤ ነጻ ነው። እዚያ ከሌለ ገንዘብዎን አይክፈሉ።