ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ቀላል ሊኑክስ ሲጫን፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ መመሪያ 1 ወይም 2 ጊጋባይት ራም፣ አቶም ወይም ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 16 ወይም 32 ጊጋባይት ማከማቻ ላላቸው ትንንሽ ላፕቶፖች ነው። ትዕዛዞቹና የፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) ስሞቹ ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ናቸው፤ ከዴቢያን በወጡት እንደ አንቲኤክስ ባሉት ላይም በአብዛኛው ይሠራሉ። እዚህ እንደሚነበቡ ስለተጻፉ ተርሚናል ላይ፣ ትልቅ ፊደል ካልተባለ በቀር፣ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ጻፏቸው።

ችግር ሲመጣ ብዙ ሰው ዲስትሮ (እንደ ዴቢያን ያለ የሊኑክስ ዓይነት) ለመቀየር ይቸኩላል። ዲስትሮው ቢቀየርም የማሽኑ ፈርምዌር (ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ የሚባለው፣ ማሽኑን የሚያስነሳው አብሮት የመጣ ፕሮግራም) ያው፣ የዋይፋይ ካርዱ ያው፣ ራሙም ያው ነው። መጀመሪያ ማሽኑ የት ደርሶ እንደቆመ ለዩ፦ መጫኛው ያለበትን የዩኤስቢ ፍላሽ ሳያይ ነው? ሜኑው ከመጣ በኋላ ነው? ወይስ ተጭኖ ካለቀ በኋላ? ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሦስት ነገር አንድ ላይ ነክቶ ማሽኑ ቢነሳ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

ፍላሹ በቡት ሜኑ ላይ አይመጣም

ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ውስጡ ያለው አንድ ትልቅ የአይኤስኦ ፋይል ብቻ ከሆነ ፋይሉ ተገልብጧል እንጂ አልተጻፈም፤ በዚህ መልኩ ማሽን አይነሳም። በሩፈስ፣ በኤቸር ወይም ሊኑክስ ላይ በ«ዲዲ» መጻፍ አለበት። በዲዲ ስትጽፉ መድረሻው ሙሉው ፍላሽ ነው፤ ማለትም ኤስዲቢ እንጂ ኤስዲቢ1 አይደለም። የትኛው ፍላሹ እንደሆነ አስቀድማችሁ በ«ኤልኤስቢኤልኬ» መጠኑን አይታችሁ አረጋግጡ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ የሚጠፋው የራሳችሁ ሀርድ ዲስክ ነው። «ኮንቭ=ኤፍሲንክ» የሚለውንም ጨምሩ። እሱ ከሌለ ዲዲ «ጨርሻለሁ» ሲል ዳታው ገና ራም ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያኔ የተነቀለ ፍላሽ በደንብ ይነሳና መጫኑ መሀል ላይ ሲደርስ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል።

በትክክል ተጽፎም ካልታየ ዊንዶውስ ያለበት ማሽን ላይ ፋስት ስታርትአፕን ጠርጥሩ። ሹትዳውን ሲባል ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ የባዮስ ቁልፎቹን ለመጫን ጊዜ አይሰጥም። ሺፍትን ተጭናችሁ ሪስታርት በሉ፤ በሚመጣው ሰማያዊ ሜኑ ላይ ፍላሹን መምረጥ ይቻላል። ሴኪዩር ቡትን (ፊርማ የሌለው ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን የፈርምዌር ቁጥጥር) ደግሞ ዴቢያንና ኡቡንቱ ያልፉታል፤ ፊርማ የሌላቸው ትንንሽ ዲስትሮዎች ግን ካልጠፋላቸው አይነሱም።

በጣም የሚያደናግረው ሦስተኛው መንስኤ ነው፦ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት፣ ፈርምዌሩ ግን 32 ቢት የሆነባቸው ማሽኖች። አቶም ዜድ3735ኤፍ ያላቸው ርካሽ ላፕቶፖች ለዚህ ይታወቃሉ። ፈርምዌሩ የሚፈልገው «ቡትአይኤ32» የሚባለውን የኢኤፍአይ (የማስነሻ) ፋይል ነው። ፍላሹ ላይ ያለው «ቡትኤክስ64» ብቻ ከሆነ ምንም የስህተት መልዕክት ሳይሰጥ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ለማወቅ ቀላል ነው። ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ሲነሳ ከፈርምዌሩ ጋር እኩል ቢት መሆን ግድ ስለሆነበት፣ የነበረው ዊንዶውስ 32 ቢት ከሆነ ፈርምዌሩም 32 ነው። ከዴቢያን 12 ጀምሮ የ64 ቢቱ ምስል ሁለቱንም ፋይሎች ይዞ ስለሚመጣ እሱን ተጠቀሙ።

«ይህ ከርነል 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፈልጋል» ይላል

ከርነል የሊኑክስ ዋናው ፕሮግራም ነው፤ እዚህ ላይ ፕሮሰሰሩ ራሱ 32 ቢት ነው። በ2008 አካባቢ የወጡት አቶም ኤን270 እና ኤን280 እንዲህ ናቸው፤ ኤን450 ግን 64 ቢት ይችላል። በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት መጫኛ የለውም። የቀሩት ምርጫዎች ዴቢያን 12፣ የአንቲኤክስ የ32 ቢት እትም፣ ወይም ሊኑክስ ያልሆኑት ኦፕንቢኤስዲና ኔትቢኤስዲ ናቸው። የትኛውም ቢጫን ኤን270 ላይ የዛሬ ብራውዘር በምቾት አይሄድም። ለጽሑፍ፣ ለተርሚናልና ለሙዚቃ ግን ይበቃል።

ሜኑው መጥቶ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል

ስልክ ላይ ያለውን መብራት አብርታችሁ ስክሪኑ ላይ በአግድም አሳዩት። ፈዘዝ ያለ ጽሑፍ ከታየ ግራፊክሱ ሠርቷል፤ የጠፋው የስክሪኑ የኋላ መብራት ብቻ ነው። ምንም ካልታየ የግራፊክስ ድራይቨሩ ተሰናክሏል።

ሁለቱም የሚሞከሩት እዚያው ሜኑ ላይ ነው። «ኢ»ን ተጫኑ፣ «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልጉ፣ መጨረሻው ላይ ቦታ ትታችሁ ጻፉና ኤፍ10ን ተጫኑ። የኋላ መብራት ለጠፋበት «ኤሲፒአይ_ባክላይት=ቬንደር»፣ እሱ ካልሆነ «=ኔቲቭ» ይጻፋል። ድራይቨሩ ለተሰናከለበት «ኖሞድሴት» ይጻፋል። ለውጡ ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ብትሳሳቱም ጉዳት የለውም። ከሠራ በኋላ ስላሽ ኢቲሲ፣ ስላሽ ዲፎልት ውስጥ ባለው የ«ግራብ» (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ፋይል ላይ «ኳይት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ጻፉትና «አፕዴት-ግራብ» በሉ።

ኖሞድሴትን ግን እንደ መጨረሻ መፍትሄ አትያዙት። እሱ ባለበት የብርሃን መጠን መቀነሻው አይሠራም፣ የስክሪኑ ልክ ይዛባል፣ ቪዲዮም ይንቀራፈፋል። መጫኑን ካጠናቀቃችሁ በኋላ ከርነሉንና ፈርምዌሩን አድሱና አውጥታችሁት ሞክሩ። ግራፊክሱ ጂኤምኤ 500 ወይም ጂኤምኤ 3600 ከሆነ ግን ብዙ አትድከሙ፤ የግራፊክስ ማፋጠኛ ያለው ክፍት ድራይቨር የለውም።

የ«ቀጥል» ቁልፉ ከስክሪኑ በታች ነው

ባለ 1024 በ600 ስክሪን ላይ የመጫኛው መስኮት ከስክሪኑ ይረዝማል። አልትን ተጭናችሁ መስኮቱን በማውሱ ግራ ቁልፍ ወደ ላይ ጎትቱት። ካልሆነ በጽሑፍ የሚሠራውን የዴቢያን መጫኛ ምረጡ፤ ለእንዲህ ዓይነት ማሽን እሱ ይሻላል፣ ራምም ይቆጥባል።

መጫኛው ዲስክ አላገኘሁም ይላል

ባዮስ ውስጥ የሳታ አሠራር «ሬድ» ወይም «አርኤስቲ» ላይ ከሆነ ወደ «ኤኤችሲአይ» ቀይሩት። ዊንዶውሱን ማቆየት ከፈለጋችሁ ከመቀየራችሁ በፊት በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አድርጉት፤ አለዚያ ሰማያዊ ስክሪን ይሰጣል። ኢኤምኤምሲ (ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ማከማቻ) ያለው ማሽን ላይ ደግሞ ዲስኩ ኤስዲኤ ሳይሆን «ኤምኤምሲብሎክ» ከሚል ስም ጋር ቁጥር ይዞ ይታያል። አጠገቡ «ቡት0» እና «ቡት1» የሚሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይኖራሉ፤ የማከማቻው የራሱ ስለሆኑ አትንኳቸው።

ተጭኖ አለቀ፣ ሪስታርት ሲደረግ ግን «የሚነሳ ዲስክ የለም»

ሊኑክሱ ዲስኩ ላይ አለ፤ ያላገኘው ፈርምዌሩ ነው። መጫኛው ግራብን ዴቢያን በሚባል ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ አድራሻውን ለፈርምዌሩ ያስመዘግባል። የርካሽ ማሽኖች ፈርምዌር ብዙ ጊዜ ይህን ምዝገባ ይረሳል፣ ወይም ከነጭራሹ አያነበውም። የሚያየው የኢኤፍአይ ክፍል ውስጥ «ቡት» በሚባለው ፎልደር ያለውን ፋይል ብቻ ነው።

መጫኛውን ፍላሽ መልሳችሁ ሰኩ፤ «አድቫንስድ» ከሚለው ሥር «ሬስኪው» የሚለውን ምረጡ። የሊኑክሱን ዋና ክፍል አሳይታችሁት የኢኤፍአዩን ክፍል ለመክፈት ሲጠይቅ እሺ በሉ። ከዚያ ግራብን እንደገና የሚጭነውን ሳይሆን «ግራብን ወደ ተነቃይ ሚዲያ ቦታ በግድ ጫን» የሚል ትርጉም ያለውን ምርጫ ውሰዱ። ከተርሚናል ለሚሠራ «ግራብ-ኢንስቶል» ላይ «--ሪሙቨብል» መጨመር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ግን ግራብ በታደሰ ቁጥር ያ ቅጂ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማሽኑ ከተነሳ በኋላ የግራቡን ፓኬጅ በ«ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር» ክፈቱና ይኸው ጥያቄ ሲመጣ «አዎ» በሉ።

ዋይፋይ የለም

በመጀመሪያ «አርኤፍኪል ሊስት» በሉ። «ሃርድ ብሎክድ፦ የስ» ካለ ማብሪያና ማጥፊያው ወይም የኤፍኤን ቁልፉ ዘግቶታል፤ በሶፍትዌር አይከፈትም። «ሶፍት» ከሆነ «አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይበቃል። ካርዱ ከነጭራሹ ካልተዘረዘረ የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ የካርዱ ፈርምዌር (ካርዱ እንዲሠራ የሚጫንለት ፋይል) ነው። የከርነሉን መልዕክት ስታነቡ «ፈርምዌር» የሚለው ቃል አጠገብ የጎደለው ፋይል ስም ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከ2023ቱ ዴቢያን 12 ጀምሮ መጫኛው ነፃ ያልሆኑትንም ፈርምዌሮች ስለያዘ ይህ ችግር ቀንሷል። የድሮ የብሮድኮም ካርዶች ግን ዛሬም «ፈርምዌር-ቢ43-ኢንስቶለር» ይፈልጋሉ፣ እሱ ደግሞ ፋይሉን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ዋይፋይ ለማግኘት ኢንተርኔት ይጠይቃል ማለት ነው። መውጫው ስልክ ነው፦ አንድሮይድ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሩ፤ ሊኑክስ እንደ ገመድ ኔትዎርክ ያየዋል።

መጫኛው በዋይፋይ አውርዶ ጨርሶ፣ ዴስክቶፑ ላይ ግን ዋይፋዩን «አንማኔጅድ» የሚልባቸውም አሉ። መጫኛው ካርዱን «ኢንተርፌስስ» በተባለው ፋይል ውስጥ ስለጻፈው ዴስክቶፑ ላይ ኔትዎርኩን የሚያስተዳድረው ኔትዎርክማኔጀር አይነካውም። ስላሽ ኢቲሲ፣ ስላሽ ኔትዎርክ ውስጥ ያለውን ይህን ፋይል ክፈቱ፣ የዋይፋዩ ስም ያለባቸውን መስመሮች በሙሉ ፊታቸው ላይ የሀሽ ምልክት በማድረግ ዝጉ፣ ሪስታርት አድርጉ። የ«ኤልኦ» (የማሽኑ የውስጥ ኔትዎርክ) መስመር ግን ይቆይ።

«ተጠቃሚው ሱዱወርስ ውስጥ የለም»

ዴቢያን ሲጫን ለሩት (ሁሉን ማድረግ ለሚችለው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ ከሰጣችሁ ለተጠቃሚያችሁ ሱዱ (የአስተዳዳሪነት ፈቃድ) አይሰጥም። ባዶ ብትተዉት ኖሮ ይሰጥ ነበር። «ሱ -» ብላችሁ ግቡ፤ ጭረቷ ካልተጻፈች ቀጣዩ ትዕዛዝ አይገኝም ይላል። ከዚያ «አድዩዘር»፣ የተጠቃሚውን ስም፣ «ሱዱ» ብላችሁ ጻፉ። ወጥታችሁ እንደገና እስክትገቡ ድረስ አይሠራም።

ብራውዘር ሲከፈት ስታክ ያደርጋል

«ፍሪ -ኤች» በሉና «አቬለብል» የሚለውን ዓምድ እዩ። «ፍሪ» የሚለው ትንሽ መሆኑ ችግር አይደለም፤ ሊኑክስ ትርፍ ራምን ለፋይል ማቆያ ይጠቀምበታል። አቬለብል ወደ 100 ሜጋባይት ሲወርድና የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ሲበራ ማሽኑ ስዋፕ ውስጥ ገብቷል፤ ማለትም ዲስኩን እንደ ራም እየተጠቀመ ነው። ቀርፋፋ ኢኤምኤምሲ ላይ ስዋፕ ማለት ማውሱ ሳይቀር መቆም ነው።

መፍትሄው ዚራም ነው፦ ራሙ ውስጥ ያለውን ዳታ ጨምቆ እዚያው ራም ላይ ያስቀምጣል። «ዚራም-ቱልስ»ን ጫኑ፣ ስላሽ ኢቲሲ፣ ስላሽ ዲፎልት ውስጥ «ዚራምስዋፕ» የሚለውን ፋይል ክፈቱ፣ በትልልቅ ፊደላት ከተጻፉት ውስጥ «ፐርሰንት»ን 50፣ «አልጎ»ን ደግሞ «ዚስታንዳርድ» አድርጉ፤ የመጨረሻው የሚጻፈው ዜድ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ዲ በሚሉት አራት ፊደላት ነው። መስመሮቹ መጀመሪያ ላይ ያለውን የሀሽ ምልክት ማጥፋት አትርሱ፤ እሱ ካለ ለውጡ አይነበብም። ሪስታርት አድርጋችሁ በ«ስዋፕኦን --ሾው» አረጋግጡ። «ስዋፒነስ» (ሊኑክስ ወደ ስዋፕ የሚያዘነብልበት መጠን) ከተለመደው 60 ወደ 100 ከፍ ቢል ለዚራም ይስማማዋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ልማድ ነው። ዴስክቶፑ ኖም ወይም ኬዲኢ ከሆነ ቀለል ባሉት በኤልኤክስኪውቲ ወይም በአይስደብሊውኤም መተካት መቶዎች ሜጋባይት ያተርፋል፤ ማስታወቂያ የሚያግድ ኤክስቴንሽን ግን ከዴስክቶፕ ለውጥ በላይ የሚሰማበት ጊዜ አለ። 1 ጊጋባይት ራም ላይ ከሁለት ታብ በላይ አትጠብቁ።

ራሙ ሳይሞላ፣ ምንም ሳይከፈት፣ ማሽኑ ድንገት ድርቅ የሚል ከሆነና ፕሮሰሰሩ ቤይትሬይል (እንደ ዜድ3735ኤፍ ያለ የኢንቴል አቶም) ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ፕሮሰሰሩ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሲገባ የሚቀርበት የታወቀ ችግር አለ። «ኢንቴል_አይድል.ማክስ_ሲስቴት=1» የሚለውን እንደ ኖሞድሴት ጨምሩ። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ማሽኑ ግን አይደርቅም።

ዲስኩ ሞላ

«አፕት ክሊን» የወረዱትን ፓኬጆች፣ «አፕት አውቶሪሙቭ» የድሮ ከርነሎችን ያጠፋል። «ጆርናልሲቲኤል --ቫክዩም-ሳይዝ=50ኤም» (ኤሟ ትልቅ ፊደል ናት) ደግሞ የሎግ ፋይሎችን ይቀንሳል። «ዲኤፍ -ኤች» ቦታ አለ እያለ ሲስተሙ «ቦታ የለም» ካለ «ዲኤፍ -አይ»ን እዩ፤ ያለቀው የፋይሎች ቁጥር ገደብ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ድረ ገጽ «አይታመንም»፣ አፕትም «ገና አልጸናም» ይላል

ሰዓቱን እዩ። ዓመቱ ወደኋላ ከተመለሰ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ አልቋል፤ ሰርተፍኬቶች ሁሉ ከወደፊት የመጡ ይመስሉታል። ለጊዜው በ«ዴት -ኤስ» ቀኑን አስተካክሉ። ባትሪው ብዙ ጊዜ 3 ቮልት ሲአር2032 ነው፤ አንዳንድ ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ በሽቦ የተያያዘ ስለሆነ ሳትገዙ ክፈቱና እዩ። ሰዓቱ የሚዛባው ከዊንዶውስ ከተመለሳችሁ በኋላ ብቻ ከሆነና ልዩነቱ ከሰዓት ቀጠናችሁ ጋር እኩል ከሆነ ባትሪው ደህና ነው። «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ሁለቱን ያስማማቸዋል።

በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን

ቀላል ዲስትሮዎች ቦታ ለመቆጠብ የግዕዝ ፎንት ይዘው አይመጡም። «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ»ን ጫኑና ብራውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ። ለመጻፍ የአጻጻፍ መቀያየሪያዎቹን «አይባስ» እና «አይባስ-ኤም17ኤን»ን ጨምሩ፣ ከአይባስ ምርጫ ውስጥ «አምሃሪክ ሴራ»ን ውሰዱ። አይባስ ራሱን ካላስነሳ «አይኤም-ኮንፊግ»ን ከፍታችሁ ምረጡት፣ ከዚያ ወጥታችሁ ግቡ።