ከ«ቱ» በኋላ ግሱን አትነካኩት

ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ አካባቢ በእንግሊዝኛ ለሚሰጥ የሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ካላችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ። ከእንግሊዝኛዋ «ቱ» (to) በኋላ የሚመጣ ግስ ጊዜ አይቀይርም። ድርጊቱ የትናንት ቢሆንም «አይ ዋንትድ ቱ ጎ» ነው። «ቱ ዌንት» አይባልም። ያለፈውን ጊዜ «ዋንትድ» ችሎታል፣ በቃ።

እኛን በብዛት የምታሳስተን ግን «ለ» ናት። «ለመማር መጣሁ» የምንለውን በአእምሯችን ስንገለብጠው «ለ»ን «ፎር» እናደርጋትና «አይ ኬም ፎር ለርን» እንላለን። አንዳንዱ ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ «ፎር ቱ ለርን» ይላል፤ ይሄ ጭራሽ ባሰ። «ለመ» የምትለዋን እንዳለች «ቱ» ብቻዋን ትሸከማለች፦ «አይ ኬም ቱ ለርን»።

እንደ «ካን»፣ «ሹድ» እና «መስት» ካሉት በኋላ «ቱ» አይገባም። «ሜክ» እና «ሌት» (let)ም አይፈልጓትም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገትራችሁ ካረፈዳችሁ «ዘ ኪው ሜድ ሚ ሌት» (late) ትላላችሁ፤ ግስ ካስከተላችሁ ደግሞ «ሜድ ሚ ዌይት» ነው፣ ያለ «ቱ»።

«ስቶፕ» ላይ ቀስ በሉ። «ሂ ስቶፕድ ቱ ስሞክ» ካላችሁ ሰውዬው ሲጋራ ሊያጨስ ቆሟል። ማጨሱን ከተወ «ስቶፕድ ስሞኪንግ» ነው። ለሹፌርነት የሚወዳደር ሰው ይሄን ባያምታታ ይሻለዋል!

የማመልከቻ ደብዳቤ መዝጊያ ላይ የምትጻፈዋ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» (በጉጉት መጠበቅ) ግን ከመጀመሪያው የ«ቱ» ሕግ ውጪ ናት። እሷ ጋ «ሚቲንግ ዩ» እንጂ «ሚት ዩ» አይሆንም።