ውሉ ያለቀበትን የእርሻ መሬት ከቀድሞ ተከራይ ለማስመለስ

በምንጃርም ሆነ በጅሩ ማሳውን በእኩል ወይም በኮንትራት የሰጠ ባለይዞታ፣ ውሉ አልቆ መሬቱን ሲጠይቅ «ስገብርበት የኖርሁት እኔ ነኝ» የሚል መልስ ቢያገኝ ሊደነግጥ አይገባም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብር ለተከታታይ 15 ዓመት የከፈለ ባለይዞታ ባለቤት እንደሚሆን መደንገጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ ካጸና ወዲህ፣ ማንም በግል ባለቤት ሊሆንበት የማይችለውን መሬት በግብር ደረሰኝ ብቻ የራስ ማድረግ አይቻልም። በዚያ ላይ በሌላ ሰው ስም መያዝ የጀመረ ሰው፣ ተቃራኒውን እስካላስረዳ ድረስ፣ ለዚያው ሰው እንደያዘ ይቆጠራል። ቢሆንም ግብሩን ምንጊዜም በራስዎ ስም ይክፈሉ።

የሚያሰጋው ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ነው። ተከራዩ ለቆ ከወጣ በኋላ በጉልበት ተመልሶ ቢያርስ ወይም ድንበር ቢገፋ፣ የሁከት ይወገድልኝ ክስ በቁጥር 1149 መሠረት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ይህ ቢያልፍ እንኳ በይዞታ መብት ላይ የሚመሠረተው ክስ አብሮ አይዘጋም። ውል ጠብቆ ባለመልቀቅ የሚነሣው ክስ ግን፣ የክልሉ የመሬት ሕግ የተለየ ነገር ካልደነገገ፣ በቁጥር 1845 በ10 ዓመት ይታገዳል፤ ጊዜውም መቆጠር የሚጀምረው ውሉ ካለቀበት ቀን ነው።

በአገራችን ብዙ መብት የሚባክነው በሽምግልና ቀጠሮ ነው። «ከመኸር በኋላ»፣ «ከፋሲካ በኋላ» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሽማግሌ መቀመጡ ብቻውን ግን ይርጋን አያቋርጥም። በቁጥር 1851 የሚያቋርጠው ባለዕዳው፣ እዚህ ላይ ተከራዩ፣ የሌላውን መብት ማመኑ ወይም የፍርድ ቤት ክስ ነው። ስለዚህ ሽምግልናውን ሳይንቁ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ተከራዩ መሬቱ የእርስዎ መሆኑንና በኪራይ መያዙን የሚያምንበት ቃል በጽሑፍ ሠፍሮ እንዲፈርምበትና ምስክሮች እንዲፈርሙበት ያድርጉ። አልፈርምም ካለ ቀጠሮውን ማራዘም ትርፍ የለውም፤ የይዞታ ደብተሩን፣ ውሉንና የግብር ደረሰኞቹን ይዘው ወደ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በመሄድ በመዝገቡ የሠፈረውን ማስረጃ ይጠይቁ፤ ከዚያም ለወረዳው ፍርድ ቤት ክስ ያቅርቡ።

ጊዜው አልፎብኛል ብለው የሚሠጉ ከሆነም ባለሙያ ያማክሩ እንጂ ቤትዎ አይቅሩ፤ ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አነሣሽነት አያነሣም፣ ተከሳሹ ራሱ በመቃወሚያነት ማቅረብ አለበት።