ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው እና ቤተሰቡ እስከ ሰኞ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ማታ ነው። ከምሳ በኋላ ጫት ተቅሟል፣ ከዚያ ለጨብሲ፣ ማለትም የጫቱን ምርቃና ለማብረድ፣ ሦስት ቢራ ተጠጥቷል። ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ ወደ አጂፕ ሲሄድ በባጃጁ እግረኛ ገጨ። ነጂው የአክስቴ ልጅ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ዘመድ ተሰብስቦ አንድ ነገር ብቻ ይጠያየቃል፦ «ውስጥ የምናውቀው ሰው አለ?»

«ጠበቃ» የሚለው ቃል የተነሳው ሰኞ ከሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ የሌሎችንም ጉዳይ አይቻለሁ፤ ስህተቶቹ ይመሳሰላሉ።

«ሰው አለን?» ብሎ መጀመር

እኛም ሰው አገኘን። «እኔ እጨርሰዋለሁ» አለ፣ ብር ተቀበለ፣ ከሰኞ ጀምሮ ስልኩ አይነሳም። ብሩ የጠበቃ ቅድመ ክፍያ ይሆን ነበር። ደግሞ ጉቦ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በትራፊክ አደጋ የታሰረን ሰው ለማስፈታት ብሎ ሌላ ክስ መጨመር ምን ይባላል?

ሰዓቱን አለመቁጠር

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው ጊዜ አይታሰብም። ቅዳሜ ማታ የተያዘ ሰው እንግዲህ ሰኞ በሥራ ሰዓት ዳኛ ፊት መቆም አለበት። ስለዚህ ጠበቃ የሚፈለገው እሑድ ነው። እሑድ ቢሮ ዝግ ነው አትበሉ፤ ጠበቃ ስልክ አለው።

ፖሊስ ሰኞ የሚጠይቀው የጊዜ ቀጠሮ ነው፤ ምርመራው እስኪያልቅ ሰውዬው ታስሮ እንዲቆይ ማለት ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ይፈቅዳል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ የምስክር ቃል ይቀረናል፣ የሕክምና ማስረጃ ይቀረናል፣ የአደጋው ፕላን አልተጠናቀቀም። ጠበቃ ቢኖር «ፕላኑን የሚያነሳው ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ሐኪሙም ማስረጃውን ለመስጠት የእሱን መታሰር አይጠብቅም» ብሎ የዋስትና መብቱን ይጠይቅ ነበር። የኛ ልጅ ብቻውን ቆሞ ዝም አለ። 7 ቀን ተፈቀደ።

ጉዳዩ ቀላል ከሆነማ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቀው ይችላል። ይህንንም የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

«መጠጥ ነው ያሳሳተኝ» ማለት

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። በእኛ አገር ልማድ ስካር ማስተዛዘኛ ነው፤ «ሰክሮ ነው፣ ተዉት» ይባላል። ፍርድ ቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል።

የተገጨው ሰው ቢሞት የሚመጣውን የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ተመልከቱ። በቸልተኝነት ሰው መግደል በመደበኛው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። አጥፊው በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ስቶ ከነበረ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል፣ መቀጮም አለው። ዋስትናም ይከብዳል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 ቅጣቱ 15 ዓመት ሊደርስ በሚችልና ሰው በሞተበት ወንጀል ዋስትናን ይከለክላል። «ሰክሬ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ልትጎትት ትችላለች።

ዋሹ እያልኩ አይደለም። ስምና አድራሻን መናገር ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ «ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም» ማለት መብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም የሥነ ሥርዓት ሕጉም ይፈቅዱታል። የተገጨው ሰውም እናት ያለችው መሆኑን አልረሳሁም። ግን ጠበቃ እስኪመጣ ዝም ማለትና ጥፋትን መካድ አንድ አይደሉም።

ጠበቃው ሌላም የሚጠይቀው አለ፦ ስካሩ በምን ተረጋገጠ? በትንፋሽ መለኪያ ነው ወይስ «የመጠጥ ሽታ ነበረው» በሚል ምስክር? ልዩነቱ ሰፊ ነው። ተከሳሹ ቀድሞ ካመነ ግን ጥያቄው ብዙም ጥቅም የለውም።

ያላነበቡት ወረቀት ላይ መፈረም

ጅማ ውስጥ የፖሊስም የፍርድ ቤትም የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ብዙዎቻችን ሄርማታ ገበያ ላይ ተከራክረን የምንገዛበት ኦሮምኛ አለን። የምርመራ መዝገብ ለማንበብ ግን አይበቃም። የአክስቴ ልጅ ያለው «ሞቅ ብሎኝ ነበር» ነው። የተጻፈው በፍጥነት ሲነዳ እንደነበርና ሰክሮ እንደነበር ይላል። ከሥሩ ፊርማው አለ። ተንኮል ነበር አልልም፤ በትርጉም ውስጥ «ሞቅታ» ስካር ሆነ።

የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ የመስማት መብት አለው፤ ፍርድ ቤትም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል። ጣቢያም ቢሆን «ተተርጉሞ ይነበብልኝ» ማለት ነው። ያልተባለ ነገር ካለ ሳይታረም አይፈረምም።

ያገኙትን ሁሉ ጠበቃ ማለት

ፍርድ ቤት አጥር ሥር የተቀመጠው አቤቱታ ጸሐፊ ጠበቃ አይደለም። ጠበቃውን በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚያሠራ ፈቃድ እንዳለውና የትራፊክ ወንጀል ይዞ እንደሚያውቅ ጠይቁት። ክፍያው ለዋስትናው ብቻ ነው ወይስ እስከ ውሳኔ? በጽሑፍ ይሁን። አቅም ከሌለ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ክስ ከተመሠረተ ደግሞ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል።

ሽማግሌ ከላክን አለቀ ማለት

ሽማግሌ መላክ ጥሩ ነው፤ የጉማ ሥርዓት፣ ማለትም ካሣ ከፍሎ የመታረቅ የኦሮሞ ባህል፣ በአካባቢያችን ክብር አለው። ግን ሰው የሞተበትን ክስ ዐቃቤ ሕጉ በዕርቅ አይተወውም። ዕርቁ የሚጠቅመው ቅጣት ሲወሰን ነው፤ መጸጸትና ጉዳትን መካስ በአንቀጽ 82 ማቅለያ ናቸው። ስለዚህ ሆስፒታል ሂዱ፣ አሳክሙ፣ ደረሰኙን ያዙ። የዕርቁን ወረቀት ግን ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ። የእኛ ሽማግሌዎች «ሰክሬ በሠራሁት ጥፋት» ብለው ሊጽፉ ነበር።

ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም ቶሎ አሳውቁ። ቦታውን ጥሎ መሸሽ ደግሞ ራሱ ሌላ ወንጀል ነው።

ጠበቃ አግኝተን በሁለተኛው ቀጠሮ በዋስ ወጣ። እግረኛው እግሩ ተሰብሮ ነበር፣ ተርፏል። ጠበቃው መዝገቡን አገላብጦ ቃሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይህን ስትሰጥ ማን አጠገብህ ነበር?» አለው። የአክስቴ ልጅ እኛን አየን። እኛ ያን ሰዓት በር ላይ ሰው እየፈለግን ነበር።